ሲስተርን ይጠይቁ፦ ፋይበር የጠጪን ጉበት ይጠብቃል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መጠጥና ስለ ጉበት ናቸው። ጾሙ ተፈትቷል፣ የሠርግ ወቅትም ነው፤ አልገረመኝም። አራቱን መርጬ አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ።

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምሠራው በትራንዚተርነት ነው። ከሥራ ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ፤ አርብና ቅዳሜ ከዚያ ይበልጣል። በቅርቡ አልትራሳውንድ ታይቼ «ጉበትህ ላይ ስብ አለ» ተባልኩ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተልባ ትሰጠኛለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ፋይበር የሚበላን ሰው አልኮል አይነካውም፣ በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ ከውጭ የመጣ ዱቄት ሊሸጥልኝ ነው። እውነት ነው? (ከገርጂ)

ጓደኛዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ያ ግማሽ በጣም ደስ የሚል ስለሆነ ረጋ ብዬ ልንገርዎት።

የጠጡት ቢራ ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በቀጥታ ጉበት ጋ ይደርሳል። ጉበት አልኮሉን መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል። ይህ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ቀጥሎ ያንን ወደ አሴቴት ይለውጥና ይገላገለዋል። መጠጡ ሲበዛና ሲደጋገም ግን ይህ መንገድ አይበቃም። ሲ-ዋይ-ፒ 2ኢ1 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይበረታል። እሱም አልኮሉን ያቃጥላል፤ እያቃጠለ ግን ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶችን ይለቃል። ቅንጣቶቹ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ የሴሉን ስብ፣ ፕሮቲኑን፣ ዘረመሉን ሳይቀር። ብረት አየር ላይ ሲቆይ እንደሚዝገው ነው። ኦክሲዴቲቭ ጉዳት የሚባለው ይህ ነው። ጉበት ለዚህ ግሉታታዮን የሚባል የራሱ መከላከያ አለው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ግን ከሚተካው በላይ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ተልባው የት ይገባል? ፋይበር በእኛ ኢንዛይም የማይፈጭ የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ስለማይፈጭ ወደ ደም አይገባም፣ ጉበት ጋም አይደርስም። ሥራው ሁሉ አንጀት ውስጥ ነው። እኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

አልኮል የአንጀትን ግድግዳ ያላላል። የግድግዳው ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙበት ቦታ ይከፈታል። በትልቁ አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ኢንዶቶክሲን የሚባለው የእነሱ ስባሪ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ከአንጀት የሚወጣው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። ጉበት ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ይህን ስባሪ ሲያዩ ባክቴሪያ የገባ ይመስላቸዋል። ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ የሚረጩት ያንኑ ፍሪ ራዲካል ነው። ስለዚህ የጠጪ ጉበት የሚመታው ከሁለት በኩል ነው፤ ከአልኮሉ ከራሱና ከላላው አንጀት።

ፋይበር የሚያግዘው በሁለተኛው በኩል ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና ቢዩታይሬት የሚባል አሲድ ይሠሩበታል። የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግብ ይህ ነው። እሱን ሲያገኙ ማያያዣቸው ይጠብቃል። በእህል ገለባ ላይ ደግሞ እንደ ፌሩሊክ አሲድ ያሉ አንቲኦክሲዳንቶች ተጣብቀው ይገኛሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲበሉ እነሱም ይለቀቃሉ። ገለባው የተነፋና የነጣ ዱቄት ይህን ሁሉ ያጣል።

ጥናት ስላሉት፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የቺካጎ ተመራማሪዎች አልኮል ለሚሰጣቸው አይጦች አጃ ጨምረው መግበዋቸው ነበር። አጃ የበሉት አይጦች አንጀታቸው ያን ያህል አልላላም፣ ጉበታቸውም ካልበሉት ያነሰ ተጎዳ። ቆየት ብሎ ፈረንሳይ ውስጥ በአይጦች ላይ በፔክቲን ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። ፔክቲን በብርቱካን፣ በፖምና በዘይቱን ውስጥ ያለው ፋይበር ነው። በሰው ላይ ደግሞ ቤልጂየም ውስጥ ለመጠጥ ሱስ ሕክምና የገቡ 50 ያህል ሰዎች ተሞክሯል። ግማሾቹ ለ17 ቀን ኢኑሊን የሚባል ፋይበር ተሰጣቸው፤ ጠቃሚ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ ቢፊዶባክቴሪየም በአንጀታቸው ጨመረ። ኢኑሊን ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ውስጥም አለ። በየቀኑ ቁሌት የምታቁላላ እናት ሳታውቀው ትሰጠናለች።

አሁን የጓደኛዎን ሌላውን ግማሽ ላንሳ። «አልኮል አይነካውም» ያሉት ሐሰት ነው። ጉበት ተጠበቀ የተባለባቸው ጥናቶች በአይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እነዚያም ጉዳቱ ቀነሰ እንጂ ቀረ አይሉም። የቤልጂየሙ ሙከራ የተደረገው መጠጥ ባቆሙ ሰዎች ላይ ነው። ፋይበር አሴታልዴሃይድን አይይዝም። ከአፍ እስከ ጉሮሮ ባለው መንገድ፣ በጡት፣ በቆሽት፣ በልብ ጡንቻ ላይ አልኮል የሚያደርሰውን ተልባ አያግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጥር ላይ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሎ በግልጽ ተናግሯል።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ቢራ ማለት እንግዲህ እርስዎ ተኝተውም ጉበትዎ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጉበትዎ ላይ ያለው ስብ ግን ሊጠፋ የሚችል ነው። መጠጡ ሙሉ በሙሉ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ለስድስት ሳምንት ያቁሙና ምርመራውን ይድገሙ። ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቁሙ፤ ምክንያቱን ለሦስተኛዋ ጠያቂ ጽፌአለሁ። በዚያው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ያድርጉ። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ቫይረሱን ተሸክሞ ይኖራል፤ ቫይረሱና መጠጡ ሲገናኙ የጉበት ጉዳት በጣም ይፋጠናል።

ዱቄቱን አይግዙ። ገንዘብዎን ለጤፍ ያድርጉት። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ያስፈልገዋል። 100 ግራም ደረቅ ጤፍ 8 ግራም ያህል አለው፤ ነጭ ፉርኖ ዱቄት ከ3 አይበልጥም። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር እንደገና 8 ግራም ነው፣ የተቀቀለ ጎመን 4 ገደማ። ምሳ ላይ ሁለት ጭልፋ ምስር ወጥ በጤፍ እንጀራ፣ ማታ ሽሮና ጎመን፣ በመሐል አንድ ዘይቱን ወይም አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ካሉ ሞላ። ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ ከነጩ ይሻላል፤ አንቲኦክሲዳንቱ ይበዛል።

የባለቤትዎን ተልባም አይተዉ። ተቆልቶ የተፈጨ ይሁን፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። በደንብ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከተልባው ጋር አንድ ላይ አይውሰዱት፤ ያ የሚያሟልጨው ነገር መድኃኒቱን ይዞ ያስቀርብዎታል።

ሲስተር፣ ጠላ ከገብስና ከጌሾ ነው የሚጠመቀው። ቢራ የሚጠጣ ሰው በጠላ ቢለውጠው ፋይበር ያገኛል አይደል? (ከባሕር ዳር)

አያገኝም። እኔ ያደግሁት ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ነው። ፋይበሩ የሚሄድበትን አውቃለሁ፤ ጋኑ ሥር አተላ ሆኖ ይቀርና ላም ትበላዋለች። ወደ ጣሳው የሚቀዳው አልኮሉ ነው። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከቢራ ቀለል ቢልም፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚጠጣው ጣሳ ብዙ ነው። ገብሱን ከፈለጉት ቆሎ፣ በሶ ወይም ቂንጬ አድርገው ይብሉት። ያልተፈተገ ገብስ በ100 ግራም 17 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ጥናቱ ላይ እንደተጠቀሰው እንደ አጃ ሁሉ ቤታ-ግሉካን የሚባለው የፋይበር አይነትም በውስጡ አለ።

ሲስተር፣ እንደምን አለሽ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ 67 ዓመቱ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አረቄ አብዝቷል። እህቴ እንደምትለው ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ መለኪያ ሲቀምስ ይረጋል። ምግብ አይበላም ማለት ይቻላል። ፋይበር ጉበት ይጠብቃል የሚል ስላነበብኩ ሜታሙሲል የሚባለውን የፋይበር ዱቄት ልልክለት ነው። ሐምሌ ላይ ስመጣ ደግሞ ጸበል ወስጄ በዚያው እንዲያቆም አስቤአለሁ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ማቆሙ እንነጋገር። ፋይበሩ ይቆየን።

ጠዋት እጃቸው ተንቀጥቅጦ በአንድ መለኪያ የሚረጋ ከሆነ፣ ሰውነታቸው ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ከስድስት ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ልቡ ይሮጣል። ይህ ይገድላል። የሕክምና ክፍል ነርስ ሳለሁ ከጸበል ቦታ እየተንፈራገጡ የመጡ አባቶችን ተቀብያለሁ። ቤተሰቡ «ሰይጣኑ እየጮኸ ነው» ብሎ አንድ ቀን ጠብቆ ነበር። ያ አንድ ቀን በጣም ውድ ነው።

ስለዚህ ሐምሌን አትጠብቂ። እህትሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ትውሰዳቸው፤ ጠዋት የሚንቀጠቀጡ መሆኑን ሳትደብቅ ትንገር። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ማረጋጊያ መድኃኒት እየሰጠ መጠኑን እየቀነሰ ያወጣቸዋል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣቸዋል። ሳይበላ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፣ ሲያልቅ አእምሮ ይጎዳል። እስከዚያ ድረስ ማንም አረቄውን በጉልበት አይንጠቃቸው። አዲስ አበባ ማምጣት ከቻላችሁ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጸበሉን አልከለክልሽም። መንፈራገጡ ካለፈ በኋላ ከመድኃኒታቸው ጋር ይሂዱ። እናታችሁን አጥተው ነው ወደ መጠጥ የሄዱት፤ ጸሎትና ሰው አጠገባቸው መኖሩ ያስፈልጋቸዋል።

ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሆዳቸው ካበጠ፣ ሰገራቸው እንደ ከሰል ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ እያሉ ነገር ከተምታታባቸው ቀጠሮ የለም። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ሜታሙሲሉ። አትላኪው። ውሃ የማይጠጣና የማይበላ ሽማግሌ ላይ ያ ዱቄት ጉሮሮ ወይም አንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ከላይ እንደጻፍኩት ጉበትን የሚጠቅመው ባክቴሪያ የሚያብላላው ፋይበር ነው፤ ሜታሙሲል የሚሠራበት ሳይሊየም ደግሞ እምብዛም አይብላላም። ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አይደለም።

በገንዘቡ እህትሽ የምታበስለውን ትግዛ። ያልበላ ሰው በጎመን አይጀመርም። መጀመሪያ የአጃ አጥሚት በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ። ቀጥሎ ቂንጬ በወተት፣ ለስላሳ የሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች። ሲለምዱት ምስርና አተር ክክ። ማታ ከመተኛታቸው በፊትም ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ የተጎዳ ጉበት ለሌሊቱ ስኳር ማጠራቀም ያቅተዋል። ሆዳቸው ውስጥ ውሃ ካለ ጨው ይቀነስ። «የጉበት በሽተኛ ፕሮቲን አይብላ» የሚል ነገር ብትሰሙ ተዉት፤ ድሮ ይባል ነበር፣ አሁን የለም። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ ያስፈልጋቸዋል፤ ጡንቻቸው እያለቀ ነው። ሐኪሙ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ካዘዘ ደግሞ በሰዓቱ ይውሰዱ። እሱም የሚሠራው አንጀት ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች በኩል ነው።

በዚያው ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ ለአንቺ ስል አስቀምጨዋለሁ። አንጀታቸው የላላባቸው የመጠጥ ሱሰኞች ሦስት ሳምንት ሳይጠጡ ሲቆዩ አንጀታቸው ተመልሶ ሲጠብቅ ታይቷል። ሦስት ሳምንት ብቻ። አባትሽ 67 ስለሆኑ አልቆባቸዋል ብለሽ አታስቢ።

ሲስተር ሰላም ነው? 24 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው የምሠራው። እሑድ እሑድ ከልጆች ጋር እንቅማለን፣ ማታ ጨብሲ አለ። ያን ቀን ምግብ የሚባል አይገባልኝም። ሰኞ ጠዋት ራሴን ሲያመኝ ሁለት ፓራሲታሞል ውጬ ሥራ እገባለሁ። ስለ ፋይበር ሰምቼ ሰሞኑን ባቄላና ጎመን ሳበዛ ሆዴ ተነፋ። ምን ይሻላል?

ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። ሆድህ የተነፋው በአንድ ጊዜ ስላበዛኸው ነው። ባክቴሪያዎቹ ምግቡን ሲያብላሉት አየር ይፈጥራሉ፤ ቁጥራቸው እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምር። ባቄላውን አሳድረህ ዘፍዝፈውና ውሃውን ደፍተህ ቀቅለው። ጎመኑ በደንብ ይብሰል። ውሃ ጠጣ፤ ፋይበር ያለ ውሃ ድርቀት ያመጣል።

ቀጥሎ ስለ ፓራሲታሞሉ። እዚህ ላይ ስጋት አለኝ። ፓራሲታሞል ሲቃጠል አንድ መርዛም ነገር ይወጣዋል፤ እሱን የሚያከሽፈው ያው ግሉታታዮን ነው። አንተ ደግሞ እሑድ ሙሉ ቀን አልበላህም፣ ማታ ጠጥተሃል፤ ግሉታታዮንህ ሰኞ ጠዋት ዝቅ ብሏል። አልኮል ያበረታው ያ ሲ-ዋይ-ፒ 2ኢ1 ደግሞ ከፓራሲታሞሉ መርዙን አብዝቶ ያወጣል። ሁለት ፍሬ አንድ ጊዜ ብዙውን ሰው አይጎዳም። «አልተወኝም» ብለህ በየሁለት ሰዓቱ ስትደጋግመው ነው ችግሩ። በአይቡፕሮፌን ልለውጠው እንዳትል፤ ከመጠጥ በኋላ የተቆጣ ጨጓራን ያደማል። ውሃ ጠጣ፣ ቁርስ ብላ፣ ራስ ምታቱ በራሱ ይሄዳል።

እሑድ ከመቃምህ በፊት በደንብ ብላ። ፉል በዳቦ ወይም ሽሮ ፍርፍር ይሁን። ያን ቀን የሚገባህ ምግብ እሱ ብቻ ስለሆነ ፋይበሩም እዚያው ይግባ። ምግብ ሆድ ውስጥ ካለ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ በባዶ ሆድ እንደጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ አይወጣብህም። ግን ሁሉንም ተወው ብልህ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ ጨብሲውን። ምርቃናውን ለመስበር የምትጠጣው ሳታውቀው ይበዛል፤ ጫቱ ስካሩን ስለሚደብቅብህ ልኩን አታውቀውም።

ጫቱም ለጉበት ንጹህ አይደለም። ሐረር ውስጥ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት በወንዶች ላይ በሽታውን ከጫት ጋር አያይዞታል፤ ብዙ በቃሙ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የጉበት ምርመራ ስታደርግ ጫቱንም ለሐኪሙ ንገረው። ስለ መጠጥ ይጠይቅሃል፤ ስለ ጫት ላይጠይቅህ ይችላል።